ጎጆ ሠሪዋ ወፍ ተኝታ ስንት ኦክስጅን ትጠቀማለች? ከጎንደር የተነሳ ጥያቄና የተከተሉት ምላሾች

የባዮሎጂ መምህራንና ተማሪዎች በምንገናኝበት የውይይት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ ረጅም ክር ነበር። ርዕሱ የወፎች የእረፍት ሜታቦሊዝም፣ ማለትም ወፏ አርፋ ሳለች ሰውነቷ የሚያቃጥለው ጉልበት፣ ልኬት ነው። በአማርኛ እንዲህ በዝርዝር ሲወራበት አይቼ ስለማላውቅ ጠፍቶ እንዳይቀር ፈለግሁ። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች አንብቤ በራሴ አነጋገር እነሆ ብያለሁ። የጸሐፊዎቹን ስም ትቼ የምላሾቹን ቁጥር ብቻ ይዣለሁ።

መነሻ ፖስት

ጥያቄውን የከፈተችው ጎንደር ላይ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ ተማሪ ናት። የምታጠናው በየግቢው ዛፍ ላይ ጎጆዋን ጎንጉና የምታንጠለጥለውን ቢጫ ወፍ ነው። ጎንደር የኖረ ሁሉ ያውቃታል። ክብደቷ 30 ግራም ገደማ ነው። ተማሪዋ ፈቃድ አውጥታ፣ ወፏን አመሻሽ ላይ በስስ መረብ ይዛ፣ ሌሊት ለክታ፣ ሲነጋ እዚያው የያዘችበት ቦታ ትለቃታለች።

አሠራሯን በደንብ ጽፋዋለች። የአሳ ገንዳ ፓምፕ አየር ይገፋል። አየሩ በሲሊካ ጄል ውስጥ አልፎ ይደርቃል። ከዚያ ሁለት ሊትር ወደሚይዝ፣ ክዳኑ አየር ወደማያስገባ ሳጥን ይገባል። ሳጥኑ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ውስጡ ወፏ የምትቆምበት እንጨት አለ። ከሳጥኑ የሚወጣው አየር እንደገና ይደርቃል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሶዳላይም (soda lime) በሚባል መጣጭ ኬሚካል ይወገዳል፣ አሁንም አንዴ ይደርቃል፤ ምክንያቱም ሶዳላይሙ ራሱ ውሃ ያወጣል። በመጨረሻ ኦክስጅን መለኪያው ጋ ይደርሳል።

የፍሰቱን መጠን የምትለካው በሳሙና አረፋ ነው። ወደ ሳጥኑ የሚገባውን ቱቦ ነቅላ ምልክት ያለው የመስታወት ቱቦ ላይ ትሰካዋለች። አረፋዋ ከታችኛው መስመር እስከ ላይኛው ለመድረስ ስንት ሰከንድ እንደፈጀባት ትይዛለች። በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ሆኖ አገኘችው። ወደ ሳጥኑ የሚገባው አየር 20.95 በመቶ ኦክስጅን አለው። የሌሊቱ አማካይ የሚወጣው አየር 20.55 በመቶ ነበር። ልዩነቱን በፍሰቱ አባዝታ፣ ከአንድ ላይ የሚወጣው ኦክስጅን ድርሻ ተቀንሶ ለሚቀረው አካፈለች። በደቂቃ 2.52 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን መጣ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ላሲየቭስኪ እና ዳውሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት፣ ከወፍ ክብደት ተነስቶ በሚያሰላ ቀመር፣ እንደ እሷ ያለች 30 ግራም የምትመዝን ዘማሪ ወፍ በቀን 10 ኪሎ ካሎሪ (42 ኪሎ ጁል) ገደማ ታቃጥላለች። አንድ ሊትር ኦክስጅን 20 ኪሎ ጁል ገደማ ስለሚያስገኝ፣ ቀመሩ በደቂቃ ከ1.5 ሚሊ ሊትር ትንሽ ያነሰ ይሰጣል። የእሷ ቁጥር ከዚያ በ70 በመቶ ይበልጣል። ጥያቄዋ አጭር ነበር፤ የጎንደር ወፍ ከፍታው ላይ ስለምትኖር ነው ይህን ያህል የምታቃጥለው ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ምላሽ 1

አበረታቷት አለፈ። ሙሉ አሠራሯን ስለጻፈች አመሰገናት። እኔም እስማማለሁ። አሠራሩ ያልተጻፈበትን ቁጥር ማንም ሊያርመው አይችልም።

ምላሽ 2

በልበ ሙሉነት የተጻፈ ነው። ጎንደር አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን መቶኛ ራሱ ዝቅተኛ እንደሆነ፣ ወፏም ያንን ለማካካስ ብዙ ማቃጠል ግድ እንደሚላት አስረዳ። ብዙ ሰው ወደደው። ለጆሮ ደስ ይላል፤ ግን ልክ አይደለም።

ምላሽ 3

የጻፉት ፊዚዮሎጂ ሲያስተምሩ የኖሩ አንጋፋ መምህር ናቸው። ረጋ ብለው አረሙት። ደረቅ አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ምፅዋ ዳርቻም ሆነ ራስ ዳሽን አናት ላይ ያው 20.95 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ጎንደር 2,133 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በባሕር ጠለል 101.3 ኪሎ ፓስካል የሆነው ግፊት እዚህ 78 ገደማ ይሆናል። ወፏ ስታርፍ ሴሎቿ የሚፈልጉት የኦክስጅን ሞለኪውል ብዛት በዚህ ምክንያት ብዙም አይለወጥም። የሚበዛው የምትስበው አየር ነው። ሳንባዋም ለዚህ የታደለ ነው፤ ከአየር ከረጢቶች ጋር ስለተያያዘ አየሩ በጋዝ መለዋወጫ ቱቦዎቹ ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈስሳል። ስለዚህ መልሱን ከወፏ በፊት ከመለኪያው ፈልጉ ሲሉ መከሩ።

ምላሽ 4

የክሩ ልብ ይህ ነው። ጸሐፊው ምሕንድስና የተማረ ይመስላል። የሳሙና አረፋው የሚለካው እዚያ ክፍል ውስጥ ባለው ግፊትና ሙቀት የያዘውን ይዘት እንደሆነ አስታወሰ። ቀመሮቹ ግን የተሠሩት በ0 ዲግሪ ሴልሺየስና በ101.3 ኪሎ ፓስካል በተሰላ ኦክስጅን ነው። የጎንደር አንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ሞለኪውል ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ግፊቱን 78 ለ101.3 ስናካፍል፣ ሙቀቱን ደግሞ (ክፍሉን 22 ዲግሪ ብለን) በኬልቪን 273 ለ295 ስናካፍል፣ ሁለቱ ሲባዙ 0.71 ይመጣል። የተማሪዋ 2.52 ወዲያው ወደ 1.79 ወረደ። ከፍታው ቁጥሩን ያሳበጠው በሒሳቡ በኩል ነው፤ ወፏ የለችበትም።

ይህን እርማት የረሳ ሰው ጎንደር ላይ ሁልጊዜ 40 በመቶ ያህል አጋኖ ይጽፋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በደጋ አገር ለምንሠራ ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ምላሽ 5 እና 6

አምስተኛው የስልኩን የአየር ጠባይ አፕ ከፍቶ ግፊቱ 1,018 ሄክቶፓስካል ይላል አለ። ያ ማለት 101.8 ኪሎ ፓስካል ስለሆነ ምንም ማረም አያስፈልግም ወደሚል ድምዳሜ ሄደ።

ስድስተኛው ተቆጣ። አፑ የሚያሳየው ግፊት ወደ ባሕር ጠለል ተቀይሮ የተሰላ መሆኑን ሳያውቁ ሰውን ማሳሳት ነውር ነው ብሎ ጻፈበት። የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ከተሞችን እርስ በርስ ለማወዳደር ስለሚፈልጉ የከፍታውን ልዩነት ያጠፉታል። የወፏ ሳጥን ውስጥ ያለው ግፊት ግን የቦታው ግፊት ነው። አነጋገሩ ከረረ እንጂ እውነቱን ነው። መፍትሔም ጨመረ፤ ብዙ ስልኮች ውስጣቸው የግፊት ሴንሰር ስላላቸው የአፑን ትንበያ ትቶ ሴንሰሩን ራሱን ማንበብ ነው። አምስተኛው ምላሹን አልሰረዘም፤ ከሥሩ አመስግኖ አለፈ። ጨዋነቱን ወድጄለታለሁ።

ምላሽ 7

አንዲት ኬሚስት ገባች። አየሩ በሳሙና ውሃው ላይ ሲያልፍ እርጥበት ይዞ ይወጣል። 22 ዲግሪ ላይ የውሃ ተን ብቻውን 2.6 ኪሎ ፓስካል ይይዛል። ከ78ቱ ላይ እሱም መቀነስ አለበት። ያኔ ማባዣው 0.69 ይሆናል፤ ቁጥሩም ወደ 1.74 ይወርዳል። ባሕር ጠለል ላይ ይህ ተን ከአጠቃላዩ ግፊት ያለው ድርሻ ያነሰ ስለሆነ የውጭ መጻሕፍት ብዙም አያስጨንቃቸውም። እኛን ግን ሊያስጨንቀን ይገባል።

ምላሽ 8

ኳስ የምትንሳፈፍበትን የፍሰት መለኪያ የሚጠቀሙ ሰዎች ይህንኑ ማባዣ እንዳይወስዱ አስጠነቀቀ። ያ መለኪያ በአየሩ ጥግግት ይሸወዳል። እርማቱ የጥግግቶቹን ንጽጽር ስኩዌር ሩት ይፈልጋል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ከመጠን በላይ ያርማል ማለት ነው። ሰባተኛዋ ይህ ከርዕሱ ጋር አይገናኝም ብላ መለሰችለት። እኔ ግን ይገናኛል እላለሁ፤ አብዛኛው ቤተ ሙከራችን ውስጥ ያለው ኳስ ያለው ነው።

ምላሽ 9

ይህ የኔ ነው። ግፊቱ ቢታረምም ገና ብልጫ እንዳለ ስላየሁ ስለ ሁኔታዎቹ ጻፍኩ። መሠረታዊ ሜታቦሊዝም የሚባለው ቁጥር እንዲሁ ዝም ብሎ የሚገኝ አይደለም። ወፏ ዕድገቷን የጨረሰች መሆን አለባት። የበላችው መፈጨት አለበት። ለቀን ወፍ ልኬቱ በሌሊት መሆን አለበት። እንቁላል የምትጥልበት ወይም ላባ የምትቀይርበት ወቅት መሆን የለበትም። ሳጥኑ ደግሞ ወፏ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ተጨማሪ ጉልበት በማታወጣበት ሙቀት ላይ መቀመጥ አለበት። ለእንዲህ ዓይነት ትንሽ ወፍ ይህ ብዙውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ የተገኘው የእረፍት ሜታቦሊዝም ይባላል። እሱም ራሱን የቻለ ጥሩ ቁጥር ነው፤ ግን ከቀመሩ ጋር ለማወዳደር አይሆንም። የወፍ የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ወዲያና ወዲህ ነው። 22 ዲግሪ የሆነ ሳጥን ለኛ ምቹ ነው፤ ለእሷ ግን ብርድ ነው። እያንዳንዱ የጎደለ ዲግሪ በኦክስጅን ይከፈላል። ሳጥኑ ስንት ዲግሪ ነበር፣ የመጀመሪያው ንባብስ በስንት ሰዓት ተወሰደ ብዬ ጠየቅኳት።

ምላሽ 10

ተማሪዋ ተመለሰች። መምህሩን አንቱ እያለች፣ ሌሎቻችንን በስም እየጠራች አመሰገነች። ሳጥኑ የተቀመጠው በክፍሉ ሙቀት ነበር፤ 22 ዲግሪ። አማካዩ የተወሰደው ከማታ 1 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ነው። ወፏ የተያዘችው 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ሆዷ ባዶ አልነበረም፤ ትንቀሳቀስም ነበር።

ምላሽ 11

ስለ ቀመሮቹ ታሪክ ነው። ማክስ ክላይበር እ.ኤ.አ. በ1932 የእንስሳትን ሜታቦሊዝም ከክብደታቸው ሦስት አራተኛ ኃይል (በሒሳብ ሲጻፍ ክብደት^0.75) ጋር አያይዞ ጻፈ። ላሲየቭስኪ እና ዳውሰን በ1967 ዘማሪ ወፎችን ከሌሎቹ ለይተው ዘማሪዎቹ ከፍ ያለ እንደሚያቃጥሉ አሳዩ። አሾፍ እና ፖል በ1970 የቀኑንና የሌሊቱን ለዩት፤ ያው ወፍ በእንቅስቃሴ ሰዓቷ ዝም ብላ ብትቀመጥ እንኳ ከእረፍት ሰዓቷ ሩብ ያህል ይበልጣል። በኋላ የወፎቹን የዘር ዝምድና ያሰሉ ጥናቶች በዘማሪና ዘማሪ ባልሆኑት መካከል ያለውን ልዩነት ጥያቄ ውስጥ አስገቡት። ጸሐፊው ተማሪዋ የ1967ቱን ብቻ ይዛ እንዳትቆም መከረ።

ምላሽ 12

አጭር ግን ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት የሞቃት ምድር ወፎች መሠረታዊ ሜታቦሊዝም ከመካከለኛው የአየር ክልል ወፎች በ18 በመቶ ገደማ እንደሚያንስ አሳይቷል። ጎንደር በካርታው ሞቃት ምድር ውስጥ ናት፤ በአየሩ ግን ደጋ ናት። የእኛ ወፍ ከየትኛው ትመደብ? ይህን የሚመልስ ልኬት የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። ክሩን እንድጽፈው ያደረገኝም ይኸው ጥያቄ ነው።

ምላሽ 13 እና 14

ድንገት አየሩ ተቀየረ። አሥራ ሦስተኛው ፍጥረትን ሳጥን ውስጥ ዘግቶ ማሳደር ምን ይጠቅማል ብሎ ተቃወመ። ተማሪዋን ጨካኝ አላት። አሥራ አራተኛው ለሱ መልስ ሲሰጥ አላዋቂ አለው። ሁለቱም ባይሉት ይሻል ነበር። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው፤ ወፏ ፈቅዳ አልመጣችም።

ምላሽ 15

ተማሪዋ ሳትቆጣ መለሰች። ወፏን ስትገባም ስትወጣም ትመዝናታለች። እንቁላል ወይም ጫጩት ያላትን አትይዝም፤ ለዚህ ስትል ክረምቱን ዘልላዋለች። ስትለቃት ውሃና እህል ትሰጣታለች። በቂ መልስ ነው ብዬ አስቤ ነበር፤ ቀጣዩ ምላሽ እስኪመጣ።

ምላሽ 16

መብራት ቢጠፋስ?

ጥያቄው ይኸው ነበር፤ የቀረው ቁጣ ነው። ፓምፑ በመብራት ይሠራል። ሳጥኑ አየር አያስገባም። ጎንደር ላይ መብራት ሌሊት እንደሚጠፋ የማያውቅ የለም። ተመራማሪዋ ጋደም ብላ ፓምፑ ቢቆም ወፏ ታፍና ትሞታለች። እስካሁን አሥራ አምስት ሰው ስለ ቁጥር ሲከራከር አንድም ሰው ይህን አለማንሳቱ ጸሐፊውን አብግኖታል። የክሩ በጣም ስለታሙ ምላሽ ነው፤ በጣም አስፈላጊውም።

ምላሽ 17

አራተኛው ሰውዬ ተመልሶ አሰላው። ሳጥኑ ሁለት ሊትር ነው። ወፏ በደቂቃ 1.74 ሚሊ ሊትር ብትጠቀም፣ በጎንደር ግፊት ሲለካ ይህ 2.5 ይሆናል። በአንድ ሰዓት 150 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይወጣል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ወደ 13 በመቶ ይጠጋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ5 በመቶ ያልፋል። ያውም ግፊቱ አስቀድሞ ዝቅ ባለበት ከተማ። ወፏ ከዚያ በጣም ቀድማ መጨነቅ ትጀምራለች። ስለዚህ የሚባክን ጊዜ የለም።

ምላሽ 18

መፍትሔዎች ተደረደሩ። ፓምፑ በባትሪ ይሥራ፤ የአሳ ገንዳ ፓምፕ የሚፈልገው ጥቂት ዋት ስለሆነ የሞተር ሳይክል ባትሪና ኢንቨርተር ሌሊቱን ይይዘዋል። ፍሰቱ ሲቆም የሚጮህ ማንቂያ ይኑር። ከሁሉም በላይ ሳጥኑ አጠገብ ነቅቶ የሚያድር ሰው ይኑር፤ ተራ እየተያዘ። እኔ ሦስተኛውን ያለ ድርድር ግዴታ አደርገዋለሁ። ባትሪም ይደክማል፣ ማንቂያም ይበላሻል።

ተማሪዋ ከሥሩ እስካሁን ብቻዋን ሳትተኛ እንዳደረች፣ ከአሁን በኋላ ግን ባትሪውን ሳታስገባ አንድም ወፍ እንደማትይዝ ጻፈች። አሥራ ስድስተኛው ምላሹን ላይክ አደረገ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ለዘበ።

ምላሽ 19

ከአዘዞ የሚጽፍ ዶሮ አርቢ ነው። ክሩን ሲከታተል እንደቆየ ነግሮን ስለ ዶሮዎቹ ጠየቀ። ሌሊቱ ሲበርድ መኖ ይበሉበታል፣ እንቁላሉ ግን አይጨምርም። ይህ እናንተ ከምትሉት ጋር ይገናኛል ወይ አለ።

ከምላሽ 20 እስከ 23

ከዚህ በኋላ ክሩ ዶሮ ዶሮ ሸተተ። ሃያኛው በደንብ ይገናኛል አለ፤ ዶሮዋ ከምትመቻት ሙቀት በታች ስትሆን ከምትበላው ላይ ለማሞቂያ ትከፍላለች። ላባቸው የተነቃቀለ ዶሮዎች ደግሞ የባሰ ይከፍላሉ፤ ቆጥ ላይ ተጠጋግተው ሲያድሩ ይቀንስላቸዋል። ሃያ አንደኛው ስለ መኖ ዋጋ አማረረ። ሃያ ሁለተኛው የበዓል ሰሞን ዶሮ ዋጋ አነሳ። ሃያ ሦስተኛዋ ወደ ቁም ነገር መለሰችው፤ ደጋ ላይ የእንቁላል መፈልፈያ ውስጥ ብዙ እንቁላል የሚበላሸው አየሩ ስስ ስለሆነ የውሃ ተን በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በፍጥነት ስለሚወጣ፣ ለፅንሱም የሚደርሰው የኦክስጅን ግፊት ዝቅ ስለሚል እንደሆነ አስረዳች። እርጥበቱን ከፍ ማድረግ እንደሚረዳ ለአርቢው ነገረችው።

አንድ ሰው ክሩ ከርዕሱ ወጣ ብሎ አጉረመረመ። ለምላሹ ቁጥር እንኳ አልተሰጠውም፤ ተሰረዘ። እኔ አልወጣም ባይ ነኝ። የአዘዞው ሰው ያየው ነገርና ተማሪዋ የለካችው ነገር አንድ ነው።

ምላሽ 24 እና 25

ከደባርቅ የጻፈው ስለ ወፍራም መንቁሩ ትልቅ ቁራ ነው። ስሜን ተራራ ላይ፣ ጨነቅ ሰፈር፣ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ሆኖ ቁራው ጠዋት እንደልቡ ይዘላል። ትልቅ አካል ከክብደቱ አንጻር ሙቀት የሚያጣበት ቆዳ አነስተኛ ስለሆነ ብርዱን ከቢጫዋ ወፍ በተሻለ ይችላል። ሃያ አምስተኛው ከዚሁ ተነስቶ ስለ ሰው አወራ። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት በስሜን አምባራስ አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ደም ሲመረመር ሄሞግሎቢናቸው ባሕር ጠለል ላይ ካሉ ሰዎች ብዙም አልተለየም። አንዲዝ ተራራ ላይ ያሉት ግን ከፍ ይላል። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ የእረፍት ሜታቦሊዝምን ግን አይነካም።

ምላሽ 26

አንጋፋው መምህር ወደ ርዕሱ መለሱን። ይህን ምላሽ ሁሉም ሰው ቢያነበው እወዳለሁ። ተማሪዋ የያዘችው ዓይነት ርካሽ የኦክስጅን ሴንሰር መቶኛ ይጻፍበት እንጂ በእውነቱ የሚሰማው የኦክስጅኑን ግፊት ነው። የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ኦክስጅኑ የቀነሰ መስሎ ያነባል። በሞቃት ምድር ደግሞ የአየር ግፊት በየቀኑ ሁለቴ ከፍ ሁለቴ ዝቅ ይላል። ከማታ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ ሌሊት 10 ሰዓት ይወርዳል። የሚወርደው 1 ወይም 2 ሄክቶፓስካል ቢሆን ነው። ኢምንት ይመስላል። ግን ከ780 ላይ 1 ብቻ ሲቀነስ ንባቡ በ0.03 በመቶ ያህል ይሸሻል። ወፏ ያመጣችው ጠቅላላ ልዩነት 0.40 በመቶ ነው። ስለዚህ መለኪያው ብቻውን አንድ አሥረኛ ያህል በወፏ ስም ያስመዘግባል። ሌሊቱ ከመሸ በኋላ የሚገኘው ቁጥር፣ እኛ በጣም የምንፈልገው ቁጥር፣ በተለይ ይጎዳል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ቱቦውን አዙሮ ወፍ የሌለበትን አየር ማንበብና እሱን 20.95 ላይ ማሰር።

ምላሽ 27

በየግማሽ ሰዓቱ ከሆነ ተማሪዋ እንቅልፍ አታገኝም፣ በየሰዓቱ ይበቃል ብሎ ተከራከረ። መምህሩ በየሰዓቱም ካልቀረ ጥሩ ነው አሉ። እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ።

ምላሽ 28

ተማሪዋ የድሮ ንባቦቿን እንደገና ሠርታ አመጣች። የምሽቱን ሰዓታት ጥላ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ለአሥር ደቂቃ የረጋውን ዝቅተኛ ንባብ ብቻ ወሰደች። የሚወጣው አየር 20.60 በመቶ ነበር። ከግፊት፣ ከሙቀትና ከተን እርማቱ በኋላ በደቂቃ 1.52 ሚሊ ሊትር ሆነ። 2.52 ብላ የጀመረችው ማለት ነው።

ቀመሩ ላይ ደረስኩ ብላ ግን አልተደሰተችም፤ ይህ ነው የማረከኝ። ሳጥኑ 22 ዲግሪ ነበርና ወፏ ለብርድ እየከፈለች ነው። ንጹሕ አየር የተነበበው ደግሞ ማታ አንዴ ብቻ ነው፤ የግፊቱ መውረድ ገና አልተቀነሰም። ሁለቱም ቁጥሩን የሚያወርዱ ናቸው። ስለዚህ እውነተኛው መሠረታዊ ሜታቦሊዝም ከ1.5 በታች ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ተገለበጠ። የጎንደሯ ወፍ ከቀመሩ በላይ ለምን አቃጠለች ሲባል የነበረው፣ እንደ ቆላዎቹ የሞቃት ምድር ወፎች ቆጣቢ ትሆን ወይ ወደሚል ዞረ።

ምላሽ 29

ስለ አዲስ ሴንሰር ግዢ ያለውን ልምድ ያካፈለው አንድ ተመራማሪ ነው። ያስመጣው ሴንሰር አንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን ውስጥ ለወራት ተቀምጦበታል። እንዲህ ያለው ሴንሰር ተሠራበትም አልተሠራበትም አየር ካገኘ ዕድሜው ይቆጥራል። እጁ ሲገባ ግማሽ ሕይወቱ አልቆ ነበር። ተማሪዋ ስታዝ የተመረተበትን ቀን እንድትጠይቅ መከራት።

ምላሽ 30

ሳጥኑን 32 ዲግሪ ላይ እንዴት ላቆየው ብላ ተማሪዋ ጠየቀች። ቤተ ሙከራው ያለው ማሞቂያ ለባክቴሪያ ስለሆነ ወረፋ ይዞበታል፤ ወፍም አያስገቡበትም።

ምላሽ 31

የአዘዞው ዶሮ አርቢ መለሰ። ትንሽ የእንቁላል መፈልፈያ አለው። ከፋብሪካ ሲመጣ 37.5 ዲግሪ ላይ ተስተካክሎ ነው፤ ሙቀቱ ግን በቁልፍ ይወርዳል፣ 30ም ላይ አቁሞት ያውቃል። ቱቦዎቹ በአየር ማስወጫ ቀዳዳው ይገባሉ። እስከ ፋሲካ ስለማያስፈልገው መጥታ ትውሰደው አለ። ተማሪዋ ማራገቢያው ወፏን እንዳይረብሻት ይጠፋ ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱ ማራገቢያው ከጠፋ አንዱ ጥግ ከሌላው በብዙ ዲግሪ እንደሚለያይ ነገራት፤ ሳጥኑን ስፖንጅ ላይ ብታስቀምጠው ንዝረቱ እንደሚቀንስም ጨመረላት። ባትሪው ግን መፈልፈያውን አይችለውም። መብራት ከጠፋ ፓምፑ ብቻ ይቀጥላል፣ የዚያ ሌሊት ልኬት ይሰረዛል። በዚህ ተስማምተዋል።